ከዶሮ ጩኸት እስከ ስልክ፦ ጠዋት የሚቀሰቅሰን ነገር ታሪክ



አንድ የደም ግፊት ታካሚዬ ቤታቸው የለኩትን በደብተር ጽፈው አመጡልኝ። የማታው ቁጥር ደህና ነው፤ የጠዋቱ ግን ሁልጊዜ ከፍ ያለ። መድኃኒት ልጨምር ብዕር ካነሳሁ በኋላ ነው "ጠዋት እንዴት ነው የሚለኩት?" ብዬ የጠየቅኳቸው። "እንደነቃሁ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ በስልኬ ዜና እያየሁ" አሉኝ። ዜናው ምን ዓይነት እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድረው፣ ከተነሱ በኋላ 5 ደቂቃ ወንበር ላይ ጸጥ ብለው ተቀምጠው እንዲለኩ ነገርኳቸው። በቀጠሯቸው ሲመጡ የጠዋቱ ቁጥር ወርዷል፤ መድኃኒቱም ባለበት ቀጠለ።

ለመሆኑ ስልክ ትራሳችን ሥር እንዴት ገባ? በቀስቃሽነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1787 ሊቫይ ሃቺንስ የተባለ አሜሪካዊ ሰዓት ሠሪ ለራሱ የሚደውል ሰዓት ሠራ። የሚደውለው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰዓት መምረጥ አይቻልም። በፈለጉት ሰዓት የሚሞላ መቀስቀሻ ላይ ፈረንሳዊው አንትዋን ረዲዬ በ1847 የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

ሰዓት መግዛት ያልቻሉ የእንግሊዝ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ሰው ይቀጥሩ ነበር። ቀስቃሹ ጎህ ሳይቀድ በየሰፈሩ እየዞረ በረጅም ዘንግ መስኮት ያንኳኳል፣ በሳምንት ጥቂት ሳንቲም ይከፈለዋል። በምሥራቅ ለንደን ሜሪ ስሚዝ የተባለች ሴት በቱቦ ደረቅ አተር እየነፋች መስኮት በመምታት ትታወቅ ነበር። (እኛ አገር ይህን ሥራ ዶሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና አዛን በነፃ ይሠሩታል።)

እነዚህ ሁሉ ቀስቅሰው ይተዋሉ። ሜሪ መስኮቱን መትታ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች እንጂ ደብዳቤና ጋዜጣ ይዛ አልጋ ድረስ አትገባም። ስልክ ግን ደውሎ አይሄድም። አይፎን በ2007 ወጣ፤ በ2009 ደግሞ መተግበሪያዎቹ ሳንከፍታቸው መልእክት ይልኩ ጀመር። ደወሉን ለማጥፋት የዘረጋነው እጅ፣ ሌሊቱን የተጠራቀመውን ሁሉ ከፍቶ ይገኛል።

ጠዋት ስልክ ማየት አንጎል ይገድላል የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። የማውቀው ይህን ነው፦ ስንነቃ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ 30 እና 45 ደቂቃዎች ውስጥ በተፈጥሮው ይጨምራል፤ አንጎላችንም ከእንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። አስደንጋጭ ወሬና የሥራ ጭቅጭቅ የሚደርሱን በዚህ ሰዓት ነው። በ2002 አካባቢ ደግሞ ተመራማሪዎች ዓይናችን ውስጥ ብርሃንን ለእይታ ሳይሆን የሰውነታችንን ሰዓት ለማስተካከል የሚለኩ ሴሎች አገኙ። ለእነዚህ ሴሎች ደመናማ ሰማይ እንኳ ከስልክ ስክሪን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መጋረጃ ገልጦ ደጅ ብቅ ማለት ይበቃል።

ወላጆች "አሜሪካ ያለው ልጄ ሌሊት ቢደውልስ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም ተረኛ ስሆን ስልኬን አላጠፋም። ድምፁን ከፍታችሁ፣ የመተግበሪያዎቹን መልእክት ዘግታችሁ፣ ለመነሳት በሚያስገድድ ርቀት አስቀምጡት። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካላችሁ፣ እሱ ቁርሱን በልቶ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ይቆይ።

ታካሚዬ በመጨረሻ ባለ ደወል የጠረጴዛ ሰዓት ገዙ። ባለቤታቸው ግን ጩኸቱን አልወደዱትም፤ ሳሎን ይቀመጥልኝ ብለዋል።