ከመለኪያው የወጣው ጡንቻ፦ ክሳትና የጠና የጉበት ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሞች ቻርልስ ቻይልድና ጄረማያ ተርኮት የጉበት ሕመምን ክብደት የሚለዩበት አምስት መለኪያ አወጡ። አራቱ በደም የሚለኩት ቢሊሩቢንና አልቡሚን፣ ሆድ ውስጥ የሚቋጠር ውሃና የአእምሮ መደናገር ሲሆኑ አምስተኛው የሕመምተኛው የሰውነት ይዞታ ነበር፤ ከስቷል ወይስ አልከሳም?

በ1973 ፒውና የለንደን ባልደረቦቹ ሰንጠረዡን ሲያሻሽሉ አምስተኛውን አወጡት። በዓይን የሚገመተው ክሳት ቦታውን የደም መርጋት ፍጥነትን ለሚለካ ቁጥር ለቀቀ። ከ2002 ጀምሮ በአሜሪካ የጉበት ንቅለ ተከላን ወረፋ የሚወስነው፣ በደም ምርመራ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተው ሜልድ የተባለ ቀመርም ስለ ጡንቻ አይጠይቅም።

ሚዛን ይህን ክፍተት አይሞላም። ሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት መጠባበስ፣ የጸናበት ሰው ክንዱ ቀጥኖ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ሳለ ሆዱና እግሩ ውሃ ስለሚቋጥሩ ኪሎው ላይቀንስ ይችላል። እውነቱን ያወጣው ሲቲ ስካን ነው። በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ደረጃ በተነሳ አንድ ምስል ላይ የጡንቻው ስፋት ተለክቶ ለቁመት ካሬ ይካፈላል። በ2017 የሰሜን አሜሪካ ተመራማሪዎች ለንቅለ ተከላ ወረፋ ለሚጠብቁ ሕሙማን ያቀረቡት የአደጋ ወሰን ለወንድ ከ50፣ ለሴት ከ39 ካሬ ሴንቲ ሜትር በካሬ ሜትር በታች ነው።

ክሳትን ከመለኪያዎቹ ተርታ ያሰለፈው ሚሺጋን በ2010 ወደ ጥያቄው ተመለሰ። ጉበት የተተከለላቸው 163 ሰዎች የሶአስ ጡንቻ ተለካ፤ ይህ ከወገብ አከርካሪ ወደ ጭን የሚወርደው ጡንቻ ነው። ጡንቻቸው እጅግ ከሳሳው ሩብ መካከል አንድ ዓመት በሕይወት የቆዩት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከዳበረው ሩብ ግን 87 በመቶው ቆዩ። በ2012 በካናዳ ኤድመንተን ከተጠኑት 112 የሲሮሲስ ሕሙማን 40 በመቶው ሳርኮፔኒያ፣ ማለትም የጡንቻ መመናመን ነበረባቸው። የእነዚህ የመኖር መካከለኛ ጊዜ 19 ወር ሲሆን የሌሎቹ 34 ወር ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው መመናመኑ ከሜልድ ነጥብ ጋር እምብዛም አለመያያዙ ነው፤ ጡንቻ ደም የማይናገረውን ይናገራል ማለት ነው።

ምክንያቱ ከአሞኒያ ይጀምራል። ጤናማ ጉበት አሞኒያን ወደ ዩሪያ ይለውጣል። የታመመው ሲያቅተው ሸክሙ ወደ ጡንቻ ይዞራል፤ ጡንቻም አሞኒያውን ወደ ግሉታሚን ይቀይራል። ነገር ግን አሞኒያው ራሱ ማዮስታቲን የተባለውን የጡንቻ እድገት ገቺ ያበዛል። ጡንቻው ሲመነምን አሞኒያው ይከማቻል፣ አእምሮም ይደናገራል።

ረሃብም አለ። የስኳር ጓዳው የተራቆተ ጉበት ላለው ሰው አንድ ሌሊት ሳይበሉ ማደር ለጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን እንደመጾም ነው፤ ሰውነት ስኳር ለመሥራት የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል።

የጡንቻ ብዛት ብቻውን ጉልበትን አይገልጽም፤ ስለዚህ የእጅ ጭብጥን፣ ከወንበር መነሳትንና ሚዛን ጠብቆ መቆምን የሚፈትን መለኪያም ተጨምሯል። ጡንቻ ከብዙዎቹ የደም ቁጥሮች የሚለየው ግን በምግብ ሊታገዝ መቻሉ ነው። በ2008 በወጣ የኒውዚላንድ ጥናት 103 የሲሮሲስ ሕሙማን ተመሳሳይ ተጨማሪ ምግብ ተሰጣቸው፤ ገሚሶቹ ቀን፣ ገሚሶቹ ማታ ወሰዱት። በዓመቱ ሁለት ኪሎ የሚያህል ሥጋ ያተረፉት ማታ የበሉት ናቸው።