የእግዜር እንግዳና የእመቤቲቱ ድካም

በአገራችን የምግብ ቤት ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆቴል ነው። ለከተማው ሆቴል ጅማሬው ይሄው ነው። አንድ ቤተሰብ በመኖሪያው የሚያስተናግድበት ትንሽ ምግብ ቤት ግን ሥሩ ከቤተ መንግሥት ይልቅ የባላገር ጓዳ ነው። ለዚህ የመንዝ ደጋ፣ በተለይም የጓሳ ዙሪያ፣ ጥሩ ምስክር ይሆናል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ምድር ጤፍ አይበቅልም፤ እንጀራውም፣ ጠላውም፣ በሶውም ከገብስ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ነውና የመሸበትን መንገደኛ ደጅ መተው ለሞት አሳልፎ መስጠት ነበር። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ በር መክፈት፣ እግሩን አጥቦ እሳት ዳር ማስቀመጥ ወግ ነበር፤ ዋጋ መጠየቅ ደግሞ ነውር።

ይህን ወግ ንጹሕ ቸርነት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ታሪኩን ያጎድለዋል። ሹምና ወታደር ሲያልፍ ባላገሩ ድርጎ የሚያቀርበው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ነበር። በፈቃድ የተቀበለውም እንግዳ ቢሆን የሚመሰገነው አባወራው ሲሆን ገብሱን የምትፈጭ፣ ጠላውን የምትጠምቅ፣ በጭስ ውስጥ የምትጋግር እመቤቲቱ ነበረች። ልክ ማበጀት ግን ለመንዜ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የጋራ ሀብት ያለ ደንብ እንደማይበረክት ያውቃል። የአካባቢው አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው በጊዜው ይከፍቱት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ ሣሩ የተጠበቀው በዚሁ ነው። ለሣሩ የነበረው ልክ ግን ለሴቲቱ ጉልበት አልነበረም።

ገንዘብ ሲገባ እንግዳ ተቀባይነት ሞተ የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ባዶ ኪስ ያለው መንገደኛ ምግብ ቤት ደጅ ላይ ይቀራልና። ነገር ግን በየከተማው ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ከፍተው ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ቀድሞ በነጻ ይሠሩት የነበረውን ያንኑ ሥራ ነው የገቢ ምንጭ ያደረጉት። ወጉም ከክፍያው ጋር አልጠፋም፤ ዛሬም በትንሽ ምግብ ቤት እጅ ይታጠባል፣ ባለቤቲቱ «ብሉ እንጂ» ትላለች፣ ቡናው ይፈላል። ክፍያው ለውጥ ያመጣው በመስተንግዶው ላይ ሳይሆን ድካሙን በሚሸከመው ሰው ዕጣ ላይ ነው። ስለዚህ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ወደ ጓሳ የሚመጣው ጎብኚ ለአካባቢው ምን ይጠቅማል ሲባል፣ ከጥበቃውና ከመንገድ መሪው ጋር ምግብ የምታበስለው ሴት ድርሻም እኩል ሊቆጠር ይገባል። የመንዝን እንግዳ አክባሪነት ለዘመናት ያቆመችው እርሷ ናትና።