መጥረጊያ የያዘው አብራሪ

«ሬድ ቴይልስ» የተሰኘውን የ2012 ፊልም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎቻችን ወደነዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጉት የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ነው። ከእነርሱ በፊት ግን በእኛው ሰማይ የበረረ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አለ፤ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን።

ልጅነቱ ሚሲሲፒ፣ ሙያው መካኒክነት ነው። ቺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም አልቀበልህም ሲለው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ! መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን በጆሮው ለቀመ። በመጨረሻ ተማሪ ሆኖ ገብቶ ተመረቀ። እልህ ይሏል ይሄ ነው።

በ1935 አዲስ አበባ መጣ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የአየር ኃይላቸው አዛዥ አደረጉት። አየር ኃይል እንበለው እንጂ፣ መሣሪያ የሌላቸው ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች ነበሩ። በእነርሱ መልእክትና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። ጣሊያን ዓድዋን በቦምብ ሲደበድብ እዚያው ነበር።

በ1936 አገሩ ሲመለስ ቺካጎ ላይ ሕዝቡ በሺዎች ወጥቶ ተቀበለው። እርሱ ግን እኛን አልተወንም፤ በ1944 ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበረ።

መቃብሩ ዘንድ የሄደ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።