የአንጎል መረብ

ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ሲወራ አሁን አሁን ደጋግሞ የሚሰማው «የአንጎል መረብ» ተራርቀው ሳሉ በነርቭ ክሮች ተያይዘው አንድ ሥራ አብረው የሚሠሩ የአንጎል ክፍሎች ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1817 ሲገልጽ የጻፈው በዓይን ስላየው መንቀጥቀጥና አካሄድ ነበር። ኋላ በመካከለኛው አንጎል ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ታወቀ። ጉዳቱ ግን እዚያው ተወስኖ አይቀርም። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴን የሚመራው መረብ እንዳለ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ1990 ማህሎን ዴሎንግና ባልደረቦቹ የበሽታው ምልክት በሚታይባቸው ጦጣዎች ላይ ከመረቡ አንዲት ትንሽ ክፍል ከሥራ ውጭ ሲያደርጉ የጦጣዎቹ እንቅስቃሴ ተሻሻለ። በፈረንሳይ፣ ግሬኖብል፣ አሊም ሉዊ ቤናቢድ ወደዚያችው ክፍል በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ እየላከ ሕሙማንን ረዳ። ሕዋሳቱ አልዳኑም፤ የተቃናው የመረቡ ሥራ ነው። ለእኔ የቃሉ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

የመረቡ ሥራ ቤት ውስጥም ይታያል። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት የሚይዝባቸው አባት፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር ቢሠመርላቸው ብዙ ጊዜ ተሻግረውት ይሄዳሉ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ በልማድ የሚያስኬደው መንገድ ቢደክምም ዓይን የሚያቀብለው ምልክት በሌላ የመረቡ መስመር ያልፋል። አንዴ ቆመው አንዴ ሲራመዱ ያየ ቤተሰብ «አባባ እልኸኛ ሆኑ» ይላል። እልህ አይደለም፤ ሕመሙ ነው።