ብዙኃኑ «ኀ» በሰመርቪል

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል «ቢያብር» ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ግሱ «አበረ» ነው፤ በግእዝ «ኀበረ»። አማርኛ የፊተኛውን ድምፅ ጥሎ «አብሮ»ን፣ «ተባበረ»ን፣ ከደብዳቤ ኋላ የሚያያዘውን «አባሪ» ሳይቀር አወጣበት። የግእዙ ፊደል ሳይነካ የቀረው በ«ኅብረት» እና በ«ማኅበር» ነው። ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ በሃሌታው «ሀ» «ማህበር» ይላል። እኔ ብዙኃኑን «ኀ» አልለቅም፤ ምክንያት አለኝ።

ዕብራይስጥም ይህ ሥር አለው፦ «ሐቨር» ጓደኛ፣ «ሐቩራ» የጓደኞች ማኅበር። ከአናባቢ በኋላ የመጣ «በ» በዕብራይስጥ ይላላል፤ «ቨ» የሆነው ለዚህ ነው። የ«ሐ» እና የ«ኀ» ድምፆችን ዕብራይስጥ በአንድ ፊደል ጠቅልሏቸዋል፤ ጥንታዊው ኡጋሪትኛ ግን ይህን ቃል እንደ ግእዝ በ«ኀ» ነው የጻፈው። ኬብሮንም ከዚሁ ሥር እንደወጣች ይነገራል። በግሪክ በኩል ዞራ በ«ኬ» ስለመጣችልን ዝምድናዋ ተሸፈነ። «ዕብራይስጥ» የሚለው ስም ግን ዘመድ አይደለም፤ እርሱ ከዐይኑ «ዐ» ነው።

በጥንት የፋሲካውን በግ አብረው ሊበሉ የተቆጠሩ ሰዎች ሐቩራ ይባሉ ነበር። በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ደግሞ በአሥራትና በንጽሕና ሕግ የሚጠነቀቁት «ሐቨሪም» ተባሉ። ቃሉን ለአሜሪካ አይሁድ ካስታወሱት አንዱ የታሪክ ምሁሩ ጄኮብ ኑስነር ነው፤ በ1963 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አወጣበት። በ1968 አርተር ግሪንና ወጣት ባልንጀሮቹ በማሳቹሴትስ «ሐቩራት ሻሎም»ን መሠረቱ። መኖሪያዋም ሰመርቪል ሆነ። «ሻሎም»ን ለአማርኛ አንባቢ መተርጎም አያሻም።

ወጣቶቹ የሸሹት ራቢው ከመድረክ ሲመራ ምእመኑ በረድፍ ተቀምጦ የሚያይበትን ትልቅ ምኩራብ ነበር። እነርሱ ወለል ላይ ትራስ አንጥፈው ክብ ሠሩ፤ አብረው ጸለዩ፣ ተማሩ፣ በሉ። ጽዋ የጠጣ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልዩነቱ፣ እኛ የማኅበሩን አለቃ «ሙሴ» እንላለን፤ እነርሱ ሙሴ እንዲኖራቸው አልፈለጉም።

በ2001 ማንሃተን ውስጥ ሦስት ወጣቶች «ቀሂላት ሃዳር»ን ሲጀምሩ ግን የዘመኑ ቃል ሌላ ነበር፦ «ሚንያን»፤ ያለ ምኩራብና ያለ ራቢ ራሱን የቻለ ሚንያን። ሥሩ መቁጠር ነው። በዳንኤል መጽሐፍ በግንቡ ላይ ከተጻፈው «ማኔ ቴቄል ፋሬስ» የመጀመሪያው ቃል የዚሁ ወገን ነው። ሚንያን ለጋራ ጸሎት የሚያስፈልገው የአሥር ሰው ምልአተ ጉባኤ ነው። በሐቩራ ሰው መዋደድ አለበት፤ በሚንያን ግን አሥረኛው ሰው ፈጽሞ እንግዳ ቢሆንም ይሞላል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ከተማ ለሚከራይ ወጣት ሁለተኛው ሳይቀል አልቀረም።

ቆጠራው ግን የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ማን ይቆጠራል? በልማድ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሃዳር ከመነሻው ወንድና ሴት ሳይለይ ቆጠረ። በ2002 ኢየሩሳሌም ውስጥ የተመሠረተችው «ሺራ ሐዳሻ» ደግሞ ሕጉን ሳትጥስ መላ ዘየደች፦ አሥር ወንዶች ቢሞሉም፣ አሥር ሴቶች እስኪሞሉ ትጠብቃለች።