የማን ገመና?

«ካምፕ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ እምብዛም ደስ አይልም። ወታደር የሰፈረበት ወይም ስደተኛ የተጠለለበት ቦታ ነው ትዝ የሚለን። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ሐይቅ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ የሚሰነብቱበት ቦታ ነው። ነገሩ ሲጀመር የሳንባ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ዋልተር ቢዮን የተባሉ የዙሪክ ፓስተር የከተማዋን ድሃ ልጆች ንጹሕ አየር ይሳቡ ብለው ወደ አፔንዜል ተራሮች ወሰዷቸው። የልብ ጉዳይ የሆነው በኋላ ነው።

ይህን ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ የ1945 ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት 14 ቀን፣ ከፕራግ የተነሡ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ከናዚ እልቂት የተረፉ 300 የአይሁድ ልጆችን ይዘው ሰሜን እንግሊዝ አረፉ። አብዛኞቹ እናትም አባትም አልቀረላቸውም። ማረፊያቸው ዊንደርሚር ሐይቅ አጠገብ፣ በጦርነቱ ጊዜ ለአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ ሰፈር ነበር። ከካምፕ ወጥተው ካምፕ ገቡ ማለት ነው! ዳቦ ገበታ ላይ ሲቀርብ በቅጽበት ይጠፋ ነበር፤ ልጆቹ ለነገ ብለው ይደብቁታል። ማሪ ፓኔት የተባለች ሠዓሊ ቀለምና ወረቀት ሰጠቻቸው፤ ከአፋቸው ያልወጣው በሥዕል ወጣ።

ከመካከላቸው ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ስድስት ሕፃናት በኋላ ለብቻቸው ወደ አንድ የገጠር ቤት ተወሰዱ። አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን በ1951 ያወጡት ጽሑፍ እንደሚነግረን፣ ሕፃናቱ አዋቂውን ይነክሳሉ፣ ይተፉበታል። እርስ በርሳቸው ግን አይነጣጠሉም። ምግብ ሲቀርብ ራስ ከመጉረስ ይልቅ አጠገብ ላለው ማቀበል ይቀድምባቸው ነበር። እናት የማያውቁ ሕፃናት አንዱ ለሌላው እናት ሆኑ።

እስቲ ደግሞ ጦርነት ወደሌለበት ቤት እንግባ። አባት እናትን ይደበድባል፤ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። እልቂትን ከቤት ዱላ ጋር ላስተካክል አይደለም። ነገር ግን የዊንደርሚሩ ልጅ፣ አጠገቡ የተኛው እንደ እርሱ መከራ ማየቱን ያውቃል። ይሄኛው ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲወጣ፣ ይህ የሚሆነው በእርሱ ቤት ብቻ ይመስለዋል።

በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ ከተማ የተሠራና በ1998 የወጣ ጥናት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቋል፤ እናታችሁ ስትመታ አይታችኋል ወይ የሚልም ነበረበት። በልጅነቱ ብዙ ዓይነት መከራ ያየ ሰው፣ ካደገ በኋላ ለልብ ሕመምና ለድባቴ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። በዚያችው ከተማ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኬሲ ጉዊን በ2003 «ካምፕ ሆፕ»ን ጀመሩ፤ የተስፋ ካምፕ ማለት ነው። የሚገቡት በቤታቸው ጥቃት ያዩ ልጆች ናቸው። ወንዝ ላይ በጀልባ ይሄዳሉ፣ ማታ እሳት ዙሪያ ይጫወታሉ። ትልቁ መድኃኒት ግን ጀልባው አይመስለኝም፤ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ማለቱ ነው።

መቼም አንድ ሳምንት ተአምር አይሠራም፤ ልጁ ተመልሶ ቤቱ ነው የሚገባው። ጉዊን ግን ከካምፑ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2002፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና አማካሪ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል እንዲከፈት አድርገው ነበር። ቅደም ተከተሉን ወድጄዋለሁ፤ መጀመሪያ የእናት ደኅንነት፣ ከዚያ የልጅ ጨዋታ።

እኛ ደግሞ ቤት ገመና ከታች ነው እንላለን። ክፉ አነጋገር አይደለም፤ ድህነትንና በሽታን ከሰው ዓይን ሸፍኖልናል። ግን እናት ስትደበደብ የሚከተተው የማን ገመና ነው? የመቺው አይደለም እንዴ? ዘበኛ ሆኖ የሚያስጠብቀው ደግሞ ልጁ ነው፤ «ለሰው እንዳትናገር» ተብሏላ! የእኛም ተማሪዎች ክረምቱን ሙሉ ያርፋሉ። ሐይቅና ጀልባ ባይኖረን፣ አንድ ባዶ የመማሪያ ክፍል፣ ቀለምና ወረቀት፣ ሰምቶ የማይደነግጥ አንድ አዋቂ አናጣም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው። ልጁ ግን አልደበቀም፤ ደብቅ ተባለ እንጂ።