ፊትን የሚለይ ማሽን፣ ዘርና ሃይማኖትን የሚለይ ሥልጣን

እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ፣ ሦስት ኩባንያዎች ለገበያ ያቀረቧቸውን ከፎቶ ላይ ጾታን የሚለዩ ሥርዓቶች ፈተሹ። ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር፤ ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ብዙ ጥቁሮች በተሞክሮ ያውቁት የነበረው አድልዎ የማያከራክር ማስረጃ አገኘ፤ የጥናቱ ውለታ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከዚያ በኋላ የተለመደው መፍትሔ ግን የጥቁሮች ፎቶ ተጨምሮ ማሽኑ እንደገና ይማር የሚል ሆነ። እኔ የምከራከረው ከዚህ መፍትሔ ጋር ነው።

ከተፈተሹት አንዱ የቤጂንጉ ሜግቪ ኩባንያ ፌስ ፕላስ ፕላስ ሲሆን፣ በጠቆሩት ሴቶች ላይ 34.5 በመቶ ተሳስቷል። በ2020 ይፋ የወጣ የሌላው የቻይና ኩባንያ የሁዋዌ ሰነድ እንደሚያሳየው፣ በዚያው በ2018 የሁለቱ ኩባንያዎች ሥርዓት ካሜራው የኡይጉር ብሔር ተወላጅ ፊት ሲያይ ማንቂያ እንዲሰጥ ተሞክሮ ፈተናውን አልፏል። ሁዋዌ ነገሩ ሙከራ ብቻ ነበር ብሏል፤ ሜግቪም ምርቱ ብሔርን ለመለየት አልተሠራም ሲል አስተባብሏል። ይሁንና ማሽን በራሱ ብሔር አያውቅም። በፈተናው ሠንጠረዥ ላይ «ኡይጉር» ብሎ የጻፈ ሰው ነበረ፤ እንዲጽፍ የሚፈልግ ደንበኛም ታስቦ ነበር።

ኡይጉሮች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ በሚኖሩበት የቻይና ክልል በሺንጂያንግም ዘሩን ከእምነቱ ለይቶ መመልከት አይቻልም። የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂውማን ራይትስ ዎች በ2019 የመረመረው የፖሊስ የስልክ መተግበሪያ፣ ለመስጊድ በትጋት ገንዘብ መሰብሰብን፣ በጓሮ በር መመላለስን፣ ከጎረቤት ጋር አለመቀራረብን ሳይቀር ከአጠራጣሪ ጠባይ ይቆጥር ነበር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ስሕተቱ ሲቀንስ በደሉ ይበረታል፤ የሚፈልገውን ሰው አይስትምና።

ስለዚህ ከመቶኛው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ፊቱ ከማን፣ በማን ፈቃድ ተወሰደ የሚለው ነው። የ2018ቱ ጥናት የተጠቀመው የሩዋንዳን፣ የሴኔጋልን፣ የደቡብ አፍሪካን፣ የአይስላንድን፣ የፊንላንድንና የስዊድንን የፓርላማ አባላት ፎቶ ነው፤ 1,270 ሰዎች፣ ሁሉም በሕዝብ ፊት የሚቆሙ። በሺንጂያንግ ግን ባለሥልጣናቱ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 65 ከሆኑ ነዋሪዎች አሻራና የዓይን ምስል ሰብስበዋል፤ የዘረመል ናሙናውን የወሰዱት ደግሞ በነጻ የጤና ምርመራ ላይ ነው።